ሳሙና፣ ውሃና ጫማ፦ የፖዶኮኒዮሲስ ሕክምና ታሪክ በወላይታ

የሕክምና ቴክኖሎጂ ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው ከባሕር ማዶ የመጣ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ሲበላሽም መለዋወጫ የማይገኝለት መሣሪያ ነው። በወላይታ ለብዙ ሕሙማን እፎይታ ያስገኘው ግን ሳሙና፣ ውሃ፣ በረኪና፣ ቅባትና ጫማ ነው።

ከሶዶ እስከ ገሱባ ባለው ቀይ አፈር በባዶ እግሩ የሚያርስ ገበሬ እግሩ ሲያብጥ ሕመሙ እንደ እርግማን ወይም እንደ ተላላፊ በሽታ ይቆጠር ነበር። ታማሚው ከጋብቻና ከማኅበር ይገለላል፤ ልጅም ከሆነ ትምህርቱን ያቋርጣል። በሌሎች አገሮች ዝሆኔን የሚያመጣው በወባ ትንኝና በሌሎች የትንኝ ዓይነቶች የሚተላለፍ የፊላሪያ ትል ቢሆንም፣ ደገኛው የኢትዮጵያ ሕመም ከዚህ የተለየ መሆኑ ቀስ በቀስ ታወቀ። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጥናት በሕሙማን የሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ የአፈር ማዕድን ቅንጣቶች መኖራቸውን አሳዩ። በሽታውም ከግሪክኛ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉት ቃላት ፖዶኮኒዮሲስ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘር ጥናት ደግሞ በአንድ ማሳ ከሚያርሱት መካከል አንዳንዶቹ ብቻ ለምን እንደሚታመሙ የሚያመለክት የተጋላጭነት ምልክት አገኘ።

መንስኤው ሲታወቅ ሕክምናውም ተለወጠ፤ ትል ስለሌለ የትል መድኃኒት ፋይዳ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1998 በሶዶ የተመሠረተው የሞሲ ፉት ድርጅት እግርን በየቀኑ ማጠብን፣ በቀጠነ በረኪና መዘፍዘፍን፣ ቅባት መቀባትን፣ በፋሻ መጠቅለልንና ጫማ ማድረግን አስተማረ። የታከሙ ሕሙማን ራሳቸው አካሚዎች ሆኑ፤ ላበጠ እግር የሚሆን ጫማም እዚያው ይሰፋ ጀመር።

የችግሩ ስፋት ግን ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በዞኑ ከመቶ ሰዎች ከ5 በላይ መታመማቸውን፣ የ2006ቱ ደግሞ ሕሙማን 45 ከመቶ የሚሆነውን የሥራ ቀናቸውን እንደሚያጡ አመለከተ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታውን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር ጠቀሰው። እ.ኤ.አ. በ2018 በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ የተደረገ የንጽጽር ሙከራ ውጤትም ታተመ፤ እንክብካቤው በአንድ ዓመት ውስጥ የሚከሰተውን የትኩሳትና የቁስለት ግርሻ በአንድ ታማሚ በአማካይ ከ23.9 ወደ 19.4 ቀንሶታል።

ቅነሳው መጠነኛ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ገበያ ላይ ያለው ጫማ ላበጠ እግር አይገባም፤ በበጋም ለመጠጥ በቸገረ ውሃ በየቀኑ እግር መታጠብ ይከብዳል። ስለዚህ ገሱባን በመሰለች የገጠር ከተማ ያለ የጤና ባለሙያ «ታጠብ» ብሎ ከማሰናበቱ በፊት ታማሚው ውሃውን ከየት እንደሚቀዳና ጫማውን ማን እንደሚሰፋለት ሊጠይቅ ይገባዋል።