ኬላ በየጁ መንገድ

የገበሬ ግብር መሬቱን ይዞ ይጠበቃል፤ የነጋዴ ሀብት ግን በአጋሰስ ተጭኖ ይሄዳል። ከደሴ በመርሳና በወልድያ በኩል ወደ ላስታና ወደ ራያ በሚያልፈው መንገድ ገዥው ድርሻውን የሚያገኘው ጭነቱ ሳይራገፍ፣ ሸቀጡ ሳይሸጥ ነበር። ለዚህ የቆመው ኬላ ነው።

ኬላ የሚተከለው ተጓዥ ዞሮ ሊያልፈው በማይችልበት በር፣ ገደል አፋፍ ወይም ወንዝ መሻገሪያ ላይ ነው። ቀረጡ በጭነት ይሰላል። ሸቀጡን ገና ያልሸጠ ነጋዴ ጥሬ ብር ከየት ያመጣል? ጨው ለጫነ ሲራራ ይህ ብዙም አያስቸግርም፤ የጨው አሞሌው ራሱ ገንዘብ ስለሆነ ከጭነቱ እየተመዘዘ ይሰጣል። ችግሩ የኬላው ብዛት ነበር። በየጁ ባላባቶች ዘመን፣ ከራስ ጉግሳ እስከ ዳግማዊ ራስ አሊ፣ እያንዳንዱ የአካባቢ ሹም የራሱን በር ይጠብቅ ስለነበር አንዱ ጭነት ደጋግሞ ይቀረጣል። ስለዚህ ነጋዴው ብቻውን አይወጣም፤ በቅፍለት ይጓዛል፤ ስለ ቀረጡም የሚከራከርለት የቅፍለቱ አለቃ፣ ነጋድራሱ ነው።

ዳግማዊ አሊ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ከተሸነፉ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ቀረጥ በግዛታቸው በሦስት ቦታ ብቻ እንዲሰበሰብ ማዘዛቸውን የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ጽፏል። ትእዛዙ ዘመኑን የቀደመ ነበር፤ ማዕከሉ ሲዳከም ሁሉም ወደ በሩ ተመልሷል።

እህልም ቢሆን ሳይሸጥ ከመቀረጥ አላመለጠም። ዐፄ ምኒልክ ከክፉ ቀን ረሃብ ማግስት፣ በ1885 ዓ.ም. ከምርቱ አንድ አሥረኛውን፣ አሥራትን፣ ሲደነግጉ ገማቹ የሚመጣው አዝመራው ጎተራ ሳይገባ ነው፤ ግምቱ ከበዛ ገበሬው የሌለውን ይከፍላል። በ1937 ዓ.ም. አሥራቱ በገንዘብ ተተምኖ ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 35፣ ለም ጠፍ 30፣ ጠፍ 10 ብር ሆነ፤ በ1960 ዓ.ም. ደግሞ ተሻረ። የአገር ውስጥ ኬላዎችም ጉምሩክ በአንድ ሥርዓት ሲጠቃለል የቀድሞ ጉልበታቸውን አጡ።

ዛሬ በሩ ወደ መዝገብ ቤት ገብቷል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 ለንግድ የዋለ ሕንፃ ሲተላለፍ በሚገኘው ጥቅም ላይ 15 በመቶ፣ በአክሲዮን ላይ 30 በመቶ ግብር ጥሎ፣ ግብሩ መከፈሉ ሳይረጋገጥ የስም ዝውውር እንዳይመዘገብ ከልክሎ ነበር፤ አዋጁ በ2008 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል።