ለመስጂድና ለመድረሳ ድረ ገጽ መክፈት፦ የጋምቤላ ጀመዓ ምን ይምረጥ?

ጋምቤላ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 4 ዲግሪ ኬንትሮስ ያህል ትርቃለች። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚወስድባት ፀሐይ ጋምቤላ ላይ የምትጠልቀው ከአዲስ አበባ 16 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው። በረመዷን በፌስቡክና በቴሌግራም የሚዘዋወረው የኢፍጣር ሰሌዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለአዲስ አበባ የተዘጋጀ ነው። የሰፈሩን አዛን የሚሰማ ሰው ችግር የለበትም። ከመስጂድ ርቆ በስልኩ ብቻ የሚመራ ወንድም ወይም እህት ግን መግሪብ ሳይገባ ሊያፈጥር፣ ፈጅርንም ወቅቱ ሳይደርስ ሊሰግድ ይችላል።

ኢንተርኔት ላይ መረጃ ሞልቷል፤ የጎደለው የአካባቢያችን መረጃ ነው። በዚህ ጽሑፍ አንድ መስጂድ፣ መድረሳ ወይም የበጎ አድራጎት ጀመዓ የራሱን ድረ ገጽ ለመክፈት ሲያስብ ሊያውቀው የሚገባውን እናያለን።

ድረ ገጽ ለምን ያስፈልጋል?

በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የጋምቤላ ክልል ነዋሪ ከ300 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን ሙስሊሙ 5 በመቶ ያህል ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ የመጣበትም መንገድ ይለያያል። በንግድ የመጣ አለ፣ በመንግሥት ሥራ የተመደበ አለ፣ በ1977ቱ ድርቅ ወቅት ከወሎ በሰፈራ የመጣ ቤተሰብም አለ። አዲስ የተመደበ መምህር ወይም ነርስ ከተማው ሲደርስ የሚጠይቀው ተመሳሳይ ነው፦ ቅርብ ያለው መስጂድ የት ነው? መድረሳ ልጆችን የሚመዘግበው መቼ ነው? ጀናዛ ሲያጋጥም ማን ይጠራል? ዘካ ለማን ይሰጣል? የነዚህ ሁሉ መልስ በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው ሲዛወር መልሱም አብሮት ይሄዳል።

የሀገራችን ሙስሊም ኢንተርኔትን ለጋራ ጉዳይ ለመጠቀም እንግዳ አይደለም። በ2004 ዓ.ም ከአወሊያ የተነሳው የመብት ጥያቄ ሕዝቡን ካስተባበረባቸው መንገዶች ዋነኛው «ድምፃችን ይሰማ» የተሰኘው የፌስቡክ ገጽ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ የኮሚቴው አባላት ሲታሰሩም ገጹ ሥራውን አላቋረጠም። መረጃ በአንድ ግለሰብ ላይ ካልተንጠለጠለ ግለሰቡ ባይኖርም ይቀጥላል።

ይሁንና ፌስቡክና ቴሌግራም ለፈጣን ዜና እንጂ ለማኅደር አይመቹም። ዛሬ የተለጠፈው ከሳምንት በኋላ ከሥር ይቀበራል። ድረ ገጽ ግን እንደ መስጂድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው፤ ፈላጊው በመጣ ጊዜ ሁሉ በቦታው ያገኘዋል።

መሣሪያዎቹ

ብሎገር፦ የጉግል ነው፤ በነፃ ይከፈታል፤ ጉግል አካውንት ያለው ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊጀምረው ይችላል። የተጻፈውን አውርዶ ማስቀመጥም ይቻላል። ጉዳቱ ቤቱ የሰው መሆኑ ነው። አገልግሎቱ በ1998 ዓ.ም በኢትዮጵያ ተዘግቶ ለዓመታት በቀጥታ አልከፈት ብሎ እንደነበር ብዙዎች ያስታውሳሉ። መንግሥት 264 ድረ ገጾችና ብሎጎች መከፈታቸውን ያስታወቀው በሰኔ 2010 ዓ.ም ነው።

ጉግል ሳይትስ፦ ከሁሉም ቀላሉ ነው። የሶላት ሰዓት፣ አድራሻ፣ የመድረሳ ምዝገባ ለመሳሰሉ አልፎ አልፎ ብቻ ለሚቀየሩ ጉዳዮች ይበቃል። በየቀኑ ዜና ለሚያወጣ ግን አይመችም።

ዊክስ፦ ምስልና ጽሑፍ በጣት እየጎተቱ የሚያሰናዱበት ነው፤ ያምራል። ነገር ግን የተሠራውን ድረ ገጽ እንዳለ ወደ ሌላ አቅራቢ ማዛወር አይቻልም። መውጫ የሌለው ቤት እንዳይሆን አስቀድሞ ማሰብ ያሻል።

ወርድፕረስ፦ በ1995 ዓ.ም የተጀመረ ነፃ ሶፍትዌር ሲሆን ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚሠሩበት ነው። በዚህ ስም ሁለት ነገሮች ስላሉ መለየት ይገባል። ወርድፕረስ ዶት ኮም ኩባንያው ራሱ የሚያስተዳድረው አገልግሎት ነው። ከወርድፕረስ ዶት ኦርግ የሚወርደው ደግሞ በራሳችን ሆስቲንግ ላይ የምንጭነው ነው። ሁለተኛው ሙሉ ባለቤትነት ይሰጣል፤ በአንጻሩ የዓመት ክፍያ አለው፤ በየጊዜውም ካልታደሰ ለሰርጎ ገቦች በር ይከፍታል። ለሆስቲንግ በብር የሚያስከፍሉ አገር ውስጥ አቅራቢዎች አሉ፤ «ዶት ኢቲ» የሚለውን መጠሪያ ደግሞ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

የኛ ምክር ይህ ነው። የሚከታተለው ሰው አንድ ብቻ ከሆነና በጀት ከሌለ በብሎገር ወይም በጉግል ሳይትስ ይጀመር። ሁለትና ሦስት የሠለጠኑ ወጣቶች ካሉና የየዓመቱ ክፍያ ከጀመዓው በጀት የሚሸፈን ከሆነ ወርድፕረስ ይሻላል። መሣሪያው የሚመረጠው ዛሬ በሚከፍተው ሰው ችሎታ ሳይሆን ከሁለት ዓመት በኋላ በሚረከበው ሰው አቅም ነው።

ባለቤትነቱ የማን ይሁን?

የድረ ገጹ መጠሪያና አካውንት በመስጂዱ ወይም በጀመዓው ስም በተከፈተ ኢሜይል ይመዝገብ። የይለፍ ቃሉን ቢያንስ ሁለት የኮሚቴ አባላት ይወቁት፤ የክፍያ ማደሻው ቀንም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። በየወሩ የድረ ገጹ ቅጂ ተወስዶ በፍላሽ ይቀመጥ። ያሁ ጂኦሲቲስ የተባለውን ነፃ አገልግሎት በጥቅምት 2002 ዓ.ም ሲዘጋው ሚሊዮኖች ገጾች ከቦታቸው ተነስተዋል፤ የተረፋቸው ቅጂ ያስቀመጡ ናቸው።

ለደካማ ኔትወርክ የሚሆን አሠራር

በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። መጠኑ ተቀንሶ ወደ 100 ኪሎባይት ቢወርድ በስልክ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታይም፤ የአንባቢውን የካርድ ገንዘብ ግን ይቆጥባል። ጽሑፍን በፎቶ መለጠፍም ልማድ ሆኗል፤ እንዲህ የተለጠፈ ማስታወቂያ በቀላሉ ተፈልጎ አይገኝም፤ ማየት ለተሳነውም ስልኩ አያነብለትም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ከተካተተ ከ25 ዓመት በላይ ስለሆነ ጽሑፉ በዩኒኮድ ይጻፍ። በድሮ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፉ የመድረሳ ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ ካልተቀየሩ ድረ ገጽ ላይ የማይነበቡ ምልክቶች ሆነው ይወጣሉ።

የጎርፍ ወቅትና የድሃ ክብር

በክረምት ባሮ ሲሞላ ኢታንግ፣ ላሬና ጅካዎ ይጥለቀለቃሉ፤ የእርዳታ ጥሪም ይበዛል። ድረ ገጹ እውነተኛ ጥቅሙ የሚታየው ያኔ ነው። ምን ያህል ተሰበሰበ፣ ለምን ወጣ፣ ምን ቀረ የሚለው በግልጽ ከተጻፈ የሰጪው እምነት ይጠበቃል፤ አማናም ይወጣል። የተረጂዎች ስም፣ የየቲሞች ፎቶና የስልክ ቁጥር ግን አይለጠፍ። ሶደቃ ስንሰጥ የተቀባዩን ክብር መጠበቅ ዲናችን ያዘዘን ነው፤ በሀገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሂሳቡ ይታይ፤ ፊቱ ይሸፈን።

ወሬ ማጣራትም አለ። በጥር 2000 ዓ.ም ከምርጫ በኋላ ኬንያ ስትታወክ «ኡሻሂዲ» የተባለ ድረ ገጽ ተከፈተ። ቃሉ በስዋሂሊ ምስክርነት ማለት ነው፤ መነሻውም «ሸሃዳ» የሚለው ዐረብኛ ነው። ሰዎች ያዩትን በአጭር የስልክ መልእክትና በኢንተርኔት ይልካሉ፤ መረጃው በካርታ ላይ ይሰፍራል። ሶፍትዌሩ ዛሬም በነፃ ይገኛል። በጋምቤላ የትኛው መንገድ በጎርፍ እንደተቆረጠ፣ የትኛው ቀበሌ እርዳታ እንዳልደረሰው በዚህ መንገድ መመዝገብ ይቻላል፤ ጥቅሙም ለሙስሊሙ ብቻ ሳይሆን ለኑዌሩም፣ ለአኙዋኩም፣ ለጎረቤት ሁሉ ነው። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ የታዘዝነው ማጣራት እዚህ ላይ ይሠራል፤ በሁለት ሰው ያልተረጋገጠ ወሬ አይውጣ።

ከየት ይጀመር?

አምስት ገጽ ይበቃል፦ የጋምቤላ የሶላት ሰዓት፣ የመስጂዶች አድራሻ፣ የመድረሳ ምዝገባ፣ የጀናዛ ጥሪ ቁጥር፣ የሶደቃና የዘካ ሂሳብ። የሶላት ሰዓቱን የአካባቢው ዑለማእ አይተው ያጽድቁት። ይህ ከመጪው ረመዷን በፊት ቢደርስ ከመስጂድ የራቀ ጿሚ መግሪቡን በራሱ ከተማ ሰዓት ያፈጥራል። አላህ ሥራችንን ኢኽላስ ያለበት ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።