ማንቍርት ሳይቈረጥ ካንሰርን የማከም ታሪክ

ከአዋሽ እስከ ሠመራ ባለው አገር ኹለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሳይነጋገሩ አይተላለፉም። ዝናብ የት እንደ ዘነበ፥ ሣር የት እንዳለ፥ ምን ወሬ እንደ ተሰማ ተቀምጠው ይነጋገራሉ። ይህም ልማድ «ዳጉ» ይባላል። ስለዚህ ድምፁን ያጣ ሰው ከወገኑ መካከል ምን ያህል እንደሚጐድል መገመት አያስቸግርም።

ድምፅ የሚወጣበት የጕሮሮ ክፍል ማንቍርት ይባላል። በካንሰር የተያዘን ማንቍርት በሙሉ ቈርጦ በማውጣት የመጀመሪያው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሮት ሲኾን፥ ይህንም ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1873 በቪየና ከተማ ነበር። በዚያ ዘመን ግን ከተቈረጡት ብዙዎቹ ይሞቱ ነበር፤ የተረፉትም ድምፃቸውን ያጡ ነበር። በዚሁ በሽታ የተያዘው የጀርመን አልጋ ወራሽ ፍሬድሪክ በ1887 ሐኪሞቹ ስላልተስማሙ ሳይቈረጥ ቀረ። በ1888 ነገሠ፤ ነገር ግን መናገር ስላልቻለ ሐሳቡን በወረቀት እየጻፈ 99 ቀን ብቻ ገዝቶ ሞተ።

እንግዲህ ሕይወትንና ድምፅን አንድ ላይ ማዳን ይቻላልን? መልሱ የተገኘው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1991 በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ያሉ ሐኪሞች፥ በሽታው የጠናባቸውን 332 ሰዎች በኹለት ከፍለው ያደረጉትን ጥናት ገለጡ። ግማሾቹ ተቈርጠው ጨረር ተሰጣቸው። ግማሾቹ ግን በቅድሚያ ሲስፕላቲንና ፍሉሮዩራሲል የተባሉትን መድኃኒቶች ወሰዱ፤ እብጠቱ ለቀነሰላቸውም ጨረር ተከተለ። ኹለት ዓመት ሲሞላ በኹለቱም ወገን ከመቶው 68ቱ በሕይወት ነበሩ፤ መድኃኒት ከወሰዱትም ከመቶው 64ቱ ማንቍርታቸው ተረፈላቸው። በ2003 ሲስፕላቲንን ከጨረር ጋራ ባንድ ጊዜ መስጠት ማንቍርትን ይበልጥ እንደሚያተርፍ ታወቀ። በ2006 ደግሞ የካንሰሩን ሕዋስ ለይቶ ዕድገቱን የሚገታው ሴቱክሲማብ ከጨረር ጋራ ሲሰጥ ከጨረር ብቻ እንደሚሻል ተገለጠ፤ ይሁን እንጂ ሲስፕላቲንን ከቦታው አላስለቀቀውም።

በአገራችን የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1997 ተጀመረ። ነገር ግን ጨረር ሰባት ሳምንት ያህል የሚሰጥ ስለ ኾነ፥ ከሠመራ እስከ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚጓዝ አርብቶ አደር ከብቱንና ቤቱን ትቶ መቀመጥ ታላቅ ፈተና ነው። ብዙዎችም የሚመጡት በሽታው ከጠና በኋላ ነው፤ ማንቍርቱ ከፈረሰ ደግሞ መቍረጥ ግድ ይኾናል።

ስለዚህ ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የተማርነውን ለቤተ ሰባችን እናድርስ። ትንባሆ የዚህ በሽታ ዋና ምክንያት ነው፤ ድምፁ ከሦስት ሳምንት በላይ የጐረነነበት ሰውም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ይህ ወሬ በዳጉ ቢተላለፍ፥ ድምፅ ድምፅን አዳነ ማለት ነው።