ሥራውን በገዛ እጁ ያቃጠለው ጆርጅ ሜልየስ

በ1923 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ከፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በሞንትሩይ፥ ዕድሜው ከስድሳ ያለፈ አንድ ሰው በቅጽሩ ውስጥ እሳት አንድዶ የብዙ ዘመን ድካሙን ያቃጥል ነበር። ወደ እሳቱ የተጣለው ነገር በሴሉሎይድ ላይ የታተመ የተንቀሳቃሽ ሥዕል ጥቅል ነው። ሰውየውም ጆርጅ ሜልየስ ነበረ።

ሜልየስ በታኅሣሥ ወር 1861 ዓ.ም. በፓሪስ ተወለደ። አባቱ የጫማ ፋብሪካ የነበረው ባለጠጋ ሲሆን፥ ልጁም ይህንኑ ሥራ ይወርሳል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የልጁ ልብ ግን በሥዕልና በምትሃት ትርኢት ተነጥቆ ስለ ነበረ፥ ከፋብሪካው የደረሰውን ድርሻ ለወንድሞቹ ሽጦ በ1888 ዓ.ም. ሮበር ኡደን የሚባለውን የትርኢት ቤት ገዛ። ምትሃት ሲባል ጥንቈላ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር፥ ነገሩ የእጅ ፍጥነትና የመሣሪያ ጥበብ ብቻ እንደ ሆነ ይወቅ።

በታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ዓ.ም. የሉሚዬር ቤተሰብ በፓሪስ ግራን ካፌ በሚባለው ቤት አዲሱን ሲኒማቶግራፍ ለሕዝብ ሲያሳዩ ሜልየስ ከተመልካቾቹ አንዱ ነበረ። ያን ዕለት መሣሪያውን ሽጡልኝ ብሎ ቢለምን የወንድማማቾቹ አባት አንትዋን ሉሚዬር እንቢ አለው። እርሱ ግን ተስፋ ሳይቈርጥ ለንደን ሄዶ ከሮበርት ፖል ሌላ መሣሪያ ገዛና በ1896 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። በሚከተለውም ዓመት ፀሐይ እንደ ልብ እንድትገባ ጣሪያውና ግድግዳው ከመስተዋት የሆነ የሥዕል ማንሻ ቤት በሞንትሩይ አሠራ።

ራሱ ሜልየስ በኋላ እንደ ተረከው፥ አንድ ቀን በኦፔራ አደባባይ ሥዕል ሲያነሣ መሣሪያው ለጥቂት ጊዜ ተሰናክሎ ቆመ። ሥዕሉ ታጥቦ በታየ ጊዜም ሰው ጭኖ የሚያልፈው ሠረገላ በድንገት የሬሳ ሠረገላ ሆኖ ተገኘ፤ ወንዶቹም ሴቶች ሆኑ። ታሪክ ጸሓፊዎች ይህን ወሬ ይጠራጠሩታል፤ በእውነትም በአሜሪካ የኤዲሰን ሰዎች መሣሪያውን አቁሞ ሰውን በአሻንጉሊት የመተካትን ብልሃት በ1895 ዓ.ም. ሠርተውበታል። ነገር ግን ሌሎቹ አንድ ጊዜ የነኩትን ብልሃት ሙሉ ቋንቋ ያደረገው ሜልየስ ነው። ሉሚዬሮች ያለውን ነገር፥ ባቡሩንና ሠራተኛውን፥ እንዳለ ሲያሳዩ፥ እርሱ የሌለውን እንደ ሆነ አድርጎ አሳየ። ድርሰቱን ይደርሳል፤ መጋረጃውን ይሥላል፤ ተዋናዮቹን ያዛል፤ ራሱም ይጫወታል። ብዙ ጊዜም የሰይጣንን ሚና ለራሱ ይወስድ ነበር። በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ የሰይጣን ቤት ብሎ መሰየሙን ቢሰማ ኖሮ ምናልባት ይሥቅ ነበር።

በ1902 ዓ.ም. የወጣው «ወደ ጨረቃ ጉዞ» ስሙን በዓለም አስጠራ። ከመድፍ የተተኰሰው ጥይት በጨረቃ ዓይን ላይ ሲሰካ የሚያሳየው ሥዕል እስከ ዛሬ ድረስ ይታወቃል። የደከመበት ሰው ግን የሚገባውን ዋጋ አላገኘም፤ በአሜሪካ የኤዲሰን ኩባንያ ሳይቀር ነጋዴዎች ሥዕሉን ያለ ፈቃድ እየገለበጡ ሸጡት። ወንድሙ ጋስቶን ኒው ዮርክ ሄዶ መብቱን ለማስከበር ቢደክምም ያመለጠው ገንዘብ አልተመለሰም።

ከዚያም ዘመኑ ጥሎት ሄደ። ሕዝቡ ረጅም ታሪክ ይፈልግ ጀመር፤ ሜልየስ ግን የትርኢት ቤቱን ልማድ አልለቅም አለ፤ ይህ ጥፋት የራሱ ነው። በ1911 ዓ.ም. ከፓቴ ኩባንያ ጋር ሲዋዋል የሞንትሩይ ንብረቱን መያዣ አደረገ፤ የሠራቸውም ሥዕሎች አልተሸጡለትም። በ1913 ዓ.ም. ሚስቱ ሞተች። በማግሥቱ ዓመት ታላቁ ጦርነት ተነሣ። በጦርነቱም ጊዜ ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ ቀልጠው ለወታደር ጫማ ተረከዝ መሥሪያ ሆኑ ይባላል፤ የጫማ ፋብሪካ ትቶ የወጣው ሰው ሥራ ተመልሶ ጫማ ሆነ ማለት ነው። በ1923 ዓ.ም. ሮበር ኡደን ለመንገድ ሥራ ሲፈርስ የሞንትሩይም ቤት ከእጁ ወጣ። የቀሩትን ጥቅሎች የሚያኖርበት ስፍራ ስላጣ በምሬት አቃጠላቸው።

በ1925 ዓ.ም. የቀድሞ ተዋናዩን ዣን ዳልሲን አግብቶ በሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ ውስጥ በነበራት ትንሽ ሱቅ አብሯት ከረሜላና የልጆች መጫወቻ ይሸጥ ጀመር። ክረምት ከበጋ በዚያ ይቀመጣል፤ ከሚገዙትም ማንነቱን የሚያውቅ እምብዛም አልነበረም። አንድ ጋዜጠኛ ግን ማንነቱን ዐውቆ ስሙን አስነሣ፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በፓሪስ በሳል ፕሌየል አዳራሽ የተረፉት ሥዕሎቹ በታላቅ ክብር ታዩ። በ1931 ዓ.ም. የሌዢዮን ዶነር ኒሻን ሲቀበል ያጠለቀለት ሉዊ ሉሚዬር ነበር፤ መሣሪያውን የከለከለው የዚያ ሰው ልጅ! በማግሥቱ ዓመት በኦርሊ በተሰጠው የጡረተኞች ቤት ገባ፤ በጥር 21 ቀን 1938 ዓ.ም. ሞቶ በፔር ላሼዝ ተቀበረ።

ከ500 ከሚበልጡት ሥራዎቹ ዛሬ 200 ያህል የሚታዩት፥ እሳቱ ከመንደዱ በፊት በየአገሩ ተሸጠው የተበተኑ ቅጂዎች ስለ ነበሩ ነው። በእጅ ቀለም የተቀባው የጨረቃው ጉዞ ቅጂም ጠፍቶ ኖሮ በ1993 ዓ.ም. በባርሴሎና ተገኘ፤ ጥቅሉ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበርና ባለሙያዎች ሥዕሎቹን በብዙ ዓመት ድካም አላቀው በ2011 ዓ.ም. በካን ከተማ ለሕዝብ አሳዩት።