ሐዲስ ዓለማየሁ፦ ከጎጃም የቅኔ ትምህርት እስከ ልቦለድ

በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ፣ በጎጃም አድባራት ቅኔን፣ ማለትም ሰምና ወርቅ ያለውን የግእዝ ግጥም የመድረስ ጥበብ፣ ከተማሩ በኋላ በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቀስመዋል። ከጦር አዛዡ ከራስ እምሩ ጋር ወራሪውን ጣሊያን ሲዋጉ ተማርከው በጣሊያን ደሴቶች ለዓመታት ታሰሩ፤ ከነጻነት በኋላም በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገለገሉ።

በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» የተሰኘውን የተረት መጽሐፍ፣ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ። የልቦለዱ ወጣት ባለታሪክ በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳ ከግምጃ ቤትና ከእንጅባራ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ወላጆቹ በብፅአት፣ ማለትም ለእግዚአብሔር በገቡት ስለት፣ ከጋብቻ ርቆ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል የሰጡት ይህ ወጣት የባላባት ልጅ የሆነችውን ሰብለ ወንጌልን ማፍቀሩ፣ በስለትና በፍላጎት፣ በባላባትና በድሃ መካከል ያለውን ግጭት ገልጦ ያሳያል።

መጽሐፉን የተዋናዩ የወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ጭምር አድርሶታል። ደራሲው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተሸልመው በ1996 ዓ.ም. አርፈዋል። የጎጃምን ገጠር ሥርዓት ከውስጥ አውቆ በመተቸት ረገድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከአማርኛ ልቦለዶች የፊተኛውን ስፍራ ይዟል።