የሻይ ገንዘብ በሆንግ ኮንግ

ጉቦ ስሙ ብዙ ነው። በግእዝ ሕልያን፥ በአማርኛ መማለጃ ይባላል፤ እንግሊዞች ይገዟት በነበረችው በሆንግ ኮንግ ደግሞ የሻይ ገንዘብ ይሉት ነበር። ስሙ ለጆሮ ቀላል ነው፤ ግብሩ ግን ከባድ ነበረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት እሳት አጥፊዎች ውኃውን ሳይለቁ ገንዘብ ይጠይቁ፥ የሆስፒታል አገልጋዮችም ለበሽተኛ አንድ ብርጭቆ ውኃ ለማቀበል አስቀድመው እጃቸውን ይዘረጉ ነበር። ቤቱ እየነደደ በዋጋ የሚከራከር ማን ነው?

ለተበደለ ሰው አቤት የሚልበት ቦታ አልታጣም፤ ጉቦን የሚመረምር ክፍል ነበረ። ነገር ግን ክፍሉ የፖሊስ ነበረ፤ ጉቦውንም እንደ ግብር አደራጅተው ከሚሰበስቡት ዋነኞቹ ፖሊሶች ነበሩ። ስለዚህ ከሳሽ አቤቱታውን ይዞ ወደ ተከሳሹ ደጅ ይሄድ ነበር። ፖሊሶቹም እርስ በርሳቸው ነገሩን በአውቶቡስ ይመስሉት ነበር፤ የወደደ ይሳፈር፥ ያልወደደ ከጎኑ ይሩጥ፥ ከፊቱ ግን አይቁም ይሉ ነበር። የዚህ ምሳሌ ክፋቱ እጁ ንጹሕ ለሆነውም ሰው አፉን እስከ ዘጋ ድረስ ቦታ መስጠቱ ነው።

በ1973 ከፍተኛ የፖሊስ ሹም የነበረው ፒተር ጎድበር ከ4 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ ሀብት እንዳለው ታወቀ፤ የአገልግሎት ዘመኑ ደመወዝ ሁሉ ቢደመር ይህን አያህልም። የሀብቱን ምንጭ በ1 ሳምንት እንዲያስረዳ ቢታዘዝ፥ የፖሊስነት ማለፊያውን ይዞ በአውሮፕላን ጣቢያው ሾልኮ ወደ እንግሊዝ አገር ኰበለለ። ሕዝቡም፥ ይልቁንም ተማሪዎች፥ ጎድበር ይያዝ እያሉ ወደ አደባባይ ወጡ። ምንጩ ያልታወቀ ሀብት መያዝ በእንግሊዝ ሕግ ወንጀል ስላልነበረ፥ እርሱን ለማስመለስ ራሱን የጉቦውን ማስረጃ መፈለግ ግድ ሆነ። በ1975 ተመልሶ፥ ስለ አንድ ሹመት 25,000 ዶላር በመቀበሉ 4 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

አገረ ገዥው ማክሌሆዝ ግን የእርሱን መያዝ አልጠበቀም። በ1974 ከፖሊስ የተለየና ለአገረ ገዥው ብቻ የሚታዘዝ ኮሚሲዮን አቆመ።

አዲሱ መሥሪያ ቤት ያለ ፈተና አልጸናም። በ1977 ፖሊሶች በብዛት ተሰልፈው ተቃወሙት፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ጽሕፈት ቤቱን ጥሰው ገብተው መርማሪዎቹን ደበደቡ። ያን ጊዜ አገረ ገዥው ከዚያው ዓመት መባቻ በፊት ስለ ተደረገው በደል ምሕረት አወጀ፤ አስቀድሞ በመርማሪዎች የተጠየቁትን፥ የመያዣ ትእዛዝ የወጣባቸውንና ወደ ውጭ አገር የሸሹትን ግን ምሕረቱ አልነካቸውም።