ግለ ልብ ወለድ

ከኦክላንድ ወደብ ክሬኖች ብዙም ሳንርቅ፣ ጃክ ለንደን አደባባይ ቡና ይዘን ተቀምጠን፣ አንዲት ጓደኛዬ ስለ እናቷ የጻፈችውን አነበበችልኝ። እናትየው ከአዲስ አበባ ሲወጡ ለጎረቤታቸው የተናገሩት ረጅም ንግግር አለበት።

«እውነት እንዲህ ብለው ነበር?» አልኳት።

«እማዬ? ከሁለት ቃል በላይ አይወጣትም ነበር። እኔ ነኝ ያናገርኳት።» ትንሽ ዝም ብላ ቀጠለች፦ «ታዲያ ምን ልበለው? ግለ ታሪክ እንዳልለው ያላለችውን አስብያታለሁ፤ ልብ ወለድ እንዳልለው እናቴ ናት።»

ፈረንሳዮች ለዚህ «ኦቶፊክሲዮን» የሚል ቃል አላቸው። ደራሲው በገዛ ስሙ ገብቶ የገዛ ሕይወቱን ይተርካል፤ ትዝታ የጎደለውን ግን በምናብ ይሞላል። እኔ «ግለ ልብ ወለድ» ብየዋለሁ።

ቃሉ የመጣው ከምሁራን ክርክር ነው። ፊሊፕ ለዠን በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ግለ ታሪክን ከአንባቢ ጋር እንደሚደረግ ውል አየው፤ ደራሲው፣ ተራኪውና ባለታሪኩ አንድ ሰው ናቸው። ባለታሪኩ የደራሲውን ስም የያዘበት ልብ ወለድስ? ለዠን በሠንጠረዡ ያችን ሳጥን ባዶ ተዋት። ሰርዥ ዱብሮቭስኪ ሊሞላት ተነሣና በ1977 ባወጣው መጽሐፉ የጀርባ ሽፋን ላይ አዲሱን ቃል አሰፈረ። የመጽሐፉ ርእስ በፈረንሳይኛ ፊደል «ወንድ ልጅ» ተብሎም «ክሮች» ተብሎም ይነበባል። ውስጡ ያለው የእናት ሐዘን ነው። እንግዲህ ቃሉ ለቅሶ ቤት ተወለደ ብንል አላጋነንንም።

«የፈጠራ ግለ ታሪክ» ያላልኩት ሆን ብዬ ነው። «ፈጠራ ነው» ስንል ውሸት ነው ማለታችን ይቀናናል። «ልብ ወለድ» ግን ልብ የወለደው ነው፤ እናቱን በጽሑፍ መልሶ ለሚወልድ ልጅ ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም። «ግለ»ንም ከግለ ታሪክ እናውቃታለን፤ በዕድሜ ገፋ ያልነው ደግሞ፣ ባንወድም፣ ከግለ ሂስ። አዲስነቱ አያስፈራ፤ ባዕድ ቃል እንኳ ሽፋን ላይ ወጥቷል፤ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ «ኦቶባዮግራፊ» ተብሎ ነው የታተመው።

ሥራው ከስሙ በፊት እዚሁ ጎረቤታችን ነበር። በርክሌይ ያስተማረችው ማክሲን ሆንግ ኪንግስተን «ዘ ውማን ዎሪየር»ን ያሳተመችው በ1976 ነው። እናቷ ቻይና ሕክምና ተምረው ስቶክተን ውስጥ ልብስ አጠባ ቤት የሠሩ ሴት ናቸው። መጽሐፉ የሚከፈተው እናት ለማንም እንዳትናገሪ ብለው በነገሯት የአክስት ታሪክ ነው። ልጅ ተናገረችው፤ እናት የዘለሉትንም «እንዲህ ሆኖ ይሆን? ወይስ እንዲያ?» እያለች በምናቧ ሞላችው። እንዲያም ሆኖ የተሸለመው ልብ ወለድ ባልሆኑ መጻሕፍት መደብ ነው።

ስለ እናት የተጻፈ ሁሉ ግን ግለ ልብ ወለድ አይደለም። በ2022 ኖቤል የተሸለመችው አኒ ኤርኖ ስሙን አትቀበለውም። እናቷ ኖርማንዲ ውስጥ ቡና ቤትና ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ የነበራቸው፣ ቀድሞ ፋብሪካ የሠሩ ሴት ነበሩ። በ1986 ካረፉ በኋላ ጽፋ ያወጣችው መጽሐፍ ርእሱ «እናቴ» ሳይሆን «አንዲት ሴት» ነው። ምናብ አልጨመረችበትም፤ የእናቷን ኑሮ ከመደባቸው ኑሮ ጋር አያይዛ ነው የጻፈችው። እንዲህ ላለው «ግለ ማኅበራዊ ታሪክ» ይስማማል።

ጓደኛዬ ሽፋኑ ላይ «ግለ ልብ ወለድ» ልታሳትም ወስናለች። የተሻለ ቃል ያላችሁ፣ ማተሚያ ቤት ሳይገባ ንገሩን።